የተማሪዎች ጋዜጣ ሠራተኞቹን እንዴት ይመርጣል?

አንድ የከተማ ጋዜጣ ጸሐፍቱን፣ አራሚዎቹንና አዘጋጆቹን አንድ ጊዜ አሰናድቶ ካደራጀ በኋላ እነዚያኑ ሰዎች ይዞ ሃያና ሠላሳ ዓመት ሊዘልቅ ሲችል፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በራሳቸው እጅ የሚያዘጋጁት ጋዜጣ ግን በብዙ ድካም ያሠለጠነውን ዘጋቢ ገና ፍሬው መታየት ሲጀምር በምረቃ ቀን እያሰናበተ ሥራውን ከሀ ሁ የሚጀምር በመሆኑ፣ የሠራተኛ ምልመላ ለከተማው ጋዜጣ ከቢሮ ሥራዎች አንዱ ሆኖ ሳለ ለተማሪዎቹ ጋዜጣ መኖርና አለመኖሩ የሚወሰንበት ዐቢይ ጉዳይ ነው። በአሜሪካ የአንድ ተማሪ የኮሌጅ ዘመን አራት ዓመት ነው፤ ከዚህም ላይ የመጀመሪያው ዓመት ለመማር፣ የመጨረሻው ዓመት እኩሌታ ለመሰናበት ሲቀነስ፣ ጋዜጣው ከአንድ ሰው የሚያገኘው ፍጹም አገልግሎት ከሁለት ዓመት ተኩል አይበልጥም። ይህን ያህል አጭር ዕድሜ ባላቸው ሠራተኞች ከአንድ መቶ ዓመት በላይ የዘለቁ ጋዜጦች መኖራቸው ቆም ብለን ልንመረምረው የሚገባ ነገር ነው።

ለዚህ ምርመራ አብነት የሚሆነን በማሳቹሴትስ ግዛት በኬምብሪጅ ከተማ የሚዘጋጀው የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ጋዜጣ፣ «ሃርቫርድ ክሪምዘን» ነው። ይህ ጋዜጣ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር በ1873 «ማጀንታ» በሚል ስም ተመሠረተ፤ ስለ አሜሪካ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። በ1875 የዛሬውን ስሙን ያዘ፤ በ1883 ዕለታዊ ሆነ፤ ከ1915 ጀምሮም በፕሊምፕተን ጎዳና ቁጥር 14 የራሱ ሕንጻ አለው። መተዳደሪያውን ከማስታወቂያና ከቀድሞ አባላቱ ልግሥና እንጂ ከዩኒቨርሲቲው ግምጃ ቤት ስለማይቀበል፣ ስለ አስተዳደሩ የሚጽፈውን ሁሉ የሚጽፈው በራሱ ኅሊናና በራሱ ኃላፊነት ነው። ኋላ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የሆነው ፍራንክሊን ሩዝቬልት የመጀመሪያ ዲግሪውን በሦስት ዓመት ፈጽሞ ሳለ አንድ ዓመት ጨምሮ በዩኒቨርሲቲው በመቆየቱ በ1903 እና በ1904 ይህን ጋዜጣ በፕሬዚዳንትነት ለመምራት በቃ፤ ጆን ኬኔዲም በተራው በጋዜጣው የንግድ ክፍል ሠርቷል።

በጋዜጣው አናት ላይ ሦስት ኃላፊዎች ይቀመጣሉ። ፕሬዚዳንቱ የጋዜጣውን ጠቅላላ አቋምና መልካም ስም ይጠብቃል፤ ማኔጂንግ ኤዲተሩ የየዕለቱን የዜና ሥራ ይመራል፤ የንግድ ክፍሉ ኃላፊ ማስታወቂያውን፣ ሒሳቡንና ሥርጭቱን ይቆጣጠራል። ከእነርሱ በታች ዜና፣ ርእሰ አንቀጽና አስተያየት፣ ስፖርት፣ ኪነ ጥበብ፣ መጽሔት፣ ፎቶግራፍና ቪዲዮ፣ የገጽ ቅንብር፣ ቴክኖሎጂና ንግድ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ክፍልና ኃላፊ አላቸው። ማንም ሰው የመግቢያውን ሥልጠና ከፈጸመ በኋላ፣ ገጽ የሚያቀናብርም ሆነ ማስታወቂያ የሚሸጥ፣ ዜና ከሚጽፈው እኩል «አዘጋጅ» ተብሎ መጠራቱ መልካም ሥርዓት ነው፤ በብዙ ቦታ ስሙ ከጽሑፍ በላይ የሚታተምለት ብቻ ሲከበር፣ ሌሊቱን ሙሉ ሲያርም ያደረው ተረስቶ ይቀራልና።

ከእነዚህ ክፍሎች መካከል በዜናና በአስተያየት መካከል የቆመው ድንበር ከሁሉ ይልቅ ጥብቅ ነው። የጋዜጣው ርእሰ አንቀጽ የሚወጣው የክፍሉ አባላት ተሰብስበው ከተወያዩና ድምፅ ከሰጡ በኋላ ሲሆን፣ የሚገልጸውም የብዙኃኑን ሐሳብ ነው፤ ሳይስማሙ የቀሩት አባላትም ተቃውሟቸውን ጽፈው የሚያወጡበት ጊዜ አለ። በዚያ ጉባኤ ተገኝቶ በአንድ ጉዳይ ላይ ሐሳቡን የሰጠና ድምፁን ያሰማ አባል ግን በተመሳሳይ ጉዳይ ላይ ዜና ከመዘገብ ይታገዳል። ሃያ ዓመት ያልሞላው ወጣት ስለ አንድ ነገር የራሱን ፍርድ አስቀድሞ ተናግሮ ሲያበቃ፣ በማግስቱ ያንኑ ነገር ሳያዳላ እጽፋለሁ ቢል አንባቢው እንደማያምነው በዚህ ዕድሜው እንዲያውቅ መደረጉ፣ በክፍል ውስጥ ከሚሰጠው ብዙ ትምህርት የሚበልጥ ነው።

የፎቶግራፍ አንሺውን ሥራ ግን ብዙዎች እንደ ማጌጫ ብቻ ስለሚመለከቱት ጥቂት ልቆይበት እፈልጋለሁ። በ1971 በካሊፎርኒያ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ሰልፈኞችና ፖሊሶች ተጋጭተው ፖሊሶች ሲቆስሉ፣ «ስታንፎርድ ዴይሊ» የተባለው የተማሪዎች ጋዜጣ የግጭቱን ፎቶግራፎች አትሞ ነበር፤ ፖሊስም ያልታተሙ ሌሎች ፎቶግራፎች ይኖራሉ በሚል ግምት የፍርድ ቤት ትእዛዝ ይዞ መጥቶ የጋዜጣውን ቢሮ፣ መሳቢያዎቹንና የፎቶግራፍ ማጠቢያ ክፍሉን ሳይቀር ፈተሸ። ተማሪዎቹ ተቀምጠው ማልቀስን ትተው ከሰሱ። ክርክሩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1978 ተማሪዎቹ ቢሸነፉም፣ ነገሩ ባስነሣው ተቃውሞ ምክንያት የአሜሪካ ምክር ቤት በ1980 የጋዜጠኞችን ማስታወሻና ፎቶግራፍ ከእንዲህ ያለ ፍተሻ የሚጠብቅ ሕግ አወጣ። እንግዲህ አዲስ አባል ካሜራ ሲሰጠው፣ ያነሣውን ሁሉ እንዴት እንደሚያስቀምጥና ለማን እንደሚያሳይ አብሮ ሊነገረው ይገባል ማለት ነው።

አሁን ወደ ምልመላው እንመለስ። ክሪምዘን ሰዎችን የሚቀበለው በማመልከቻ ወረቀትና በምስክርነት ደብዳቤ አይደለም፤ ፈቃዱ ያለው ተማሪ ሁሉ፣ ከዚህ በፊት አንድ መስመር ዜና ጽፎ የማያውቀው ሳይቀር፣ ተመዝግቦ አንድ መንፈቅ ያህል በሚቆይ ሥልጠና ውስጥ ያልፋል። በዚያም ጊዜ ስለ ቃለ መጠይቅ፣ ስለ ምንጭ አጠቃቀምና ስለ ሙያው ሥነ ምግባር ይማራል፤ እየተማረም እውነተኛ ዜና ይጽፋል። በቀደመው ዘመን ይህ ብርቱ ፉክክር ሆኖ ብዙ ሰው መካከል ላይ የሚወድቅበት ነበር፤ ዛሬ ግን በአብዛኛው የታዘዘውን በትጋት የፈጸመ ይገባል፤ ያቋረጠውም ራሱን በራሱ አሰናበተ ይባላል።

የሥልጠናው ዋና ነገር የሚፈጸመው በምሽት፣ አንድ ጀማሪና አንድ ነባር አዘጋጅ በአንድ ኮምፒዩተር ፊት ጎን ለጎን ሲቀመጡ ነው። ጀማሪው በአንድ አዳራሽ ስለ ተደረገ ንግግር ጥቂት አንቀጾች ጽፎ አምጥቷል እንበል። ነባሩ ገና የመጀመሪያውን መስመር ሲያነብ፣ «ይህን ስም ከባለቤቱ ጠይቀህ ነው ወይስ ከግድግዳ ማስታወቂያ ገልብጠህ?» ይለዋል። ጀማሪው ስልኩን አንሥቶ ይደውላል፤ ከስሙም አንዲት ፊደል መጉደሏ ይታወቃል። ቀጥሎ፣ «ብዙ ሰው ተገኘ ብለሃል፤ ስንት ወንበር ነበር? ስንቱስ ባዶ ነበር?» ይባላል። ከዚያም ተናጋሪው ስለ አዲስ የገንዘብ ቅነሳ የተናገረው ነገር፣ ይኸውም ተማሪው ሁሉ ሊሰማው የሚፈልገው ብቸኛው አዲስ ነገር፣ በአምስተኛው አንቀጽ ተቀብሮ ይገኝና ተመዝዞ ወደ መጀመሪያው መስመር ይወጣል። በቅኔ ቤት ጀማሪው ከጉባኤ ቃና ተነሥቶ ወደ መወድስ እስኪደርስ ድረስ በየቀኑ የቆጠረውን ይዞ በአስነጋሪው ፊት ቀርቦ እንደሚታረም፣ የተማሪዎች ጋዜጣም ጀማሪ ከአጭር ዜና ተነሥቶ ወደ ረጅም ሐተታ የሚደርሰው እንዲሁ እየታረመ ነው፤ ያራሚው ዕድሜ ከታራሚው በሁለት ዓመት ብቻ መብለጡም ሥልጣኑን አይቀንሰውም፤ እርሱም ትናንት በዚያው ወንበር ተቀምጦ ታርሟልና።

የበላይ ኃላፊዎችን የመምረጡ ነገር ደግሞ በየዩኒቨርሲቲው ይለያያል። በክሪምዘን በኅዳር ወር ግድም ለሹመት የሚፈልጉ አባላት ሐሳባቸውንና ዕቅዳቸውን ለተሰናባቾቹ ኃላፊዎች ያቀርባሉ፤ ተሰናባቾቹም ረጅም ጉባኤ ተቀምጠው ተተኪዎቻቸውን ይሾማሉ። በኖርዝ ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ የሚዘጋጀው «ዴይሊ ታር ሂል» ግን እስከ 1990ዎቹ መጀመሪያ ድረስ ዋና አዘጋጁን የሚመርጠው በተማሪዎች ጠቅላላ ድምፅ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ምርጫውን ለተወሰነ ኮሚቴ ሰጠ። ሦስተኛው መንገድ አስተዳደሩ ራሱ የሚሾምበት ሲሆን፣ የሚመረመረው አካል መርማሪውን የሚሾምበት በመሆኑ ከሁሉ የከፋ ነው። የጠቅላላ ድምፁ መንገድ ውብ መስሎ ቢታይም፣ አዘጋጁ ዕጩ ሳለ ቅስቀሳ ላደረጉለት ማኅበራት ባለ ዕዳ ሆኖ ስለሚገባ ብዙ አላምነውም። የባልደረቦች ምርጫ፣ ሰውየው በጭንቅ ሌሊት እንዴት እንደሚሠራ ያዩት ሰዎች ስለሚሰጡት፣ ከሦስቱ ይሻላል እላለሁ።

ይሁን እንጂ ይህም መንገድ የራሱ ትልቅ ነቀፌታ አለው፤ ሰዎች ራሳቸውን የሚመስለውን መምረጥ ይቀናቸዋል። ክሪምዘን በተመሠረተ ከአንድ መቶ ዓመት በኋላ፣ በ1970ዎቹ መጨረሻ ግድም ነው ጌይ ሳይድማን የመጀመሪያዋ ሴት ፕሬዚዳንት ለመሆን የበቃችው። ሴት ተማሪዎች ከዚያ በፊት በአካባቢው አልጠፉም፤ የጠፋው መንገዱ ነበር። ዛሬም ቢሆን ደጁ ለሁሉ የተከፈተ ነው ሲባል፣ በሳምንት ብዙ ሰዓት ያለ ክፍያ መሥራት የሚችለው ማን እንደ ሆነ መጠየቅ ይገባል። ምሽቱን በምግብ ቤት ዕቃ በማጠብ ወይም በቤተ መጻሕፍት መጻሕፍት በመደርደር የዕለት ወጪውን የሚሸፍን ተማሪ በዚያው ምሽት ለጋዜጣ ሥልጠና መቀመጥ አይችልም። ክሪምዘን ለእንዲህ ያሉ አባላቱ የገንዘብ ድጎማ የሚያደርግበት መርሐ ግብር ያለው ስለዚህ ነው፤ ሌሎችም ሊከተሉት ይገባል፤ ድኻውን ያላካተተ ጋዜጣ የድኻውን ተማሪ ኑሮ ዜና አድርጎ ለማየት ዓይን አይኖረውምና።

ጀማሪውን ተቀብሎ ማሠልጠን ምን ያህል እንደሚያፈራ ለማየት እንደ ገና ወደ ስታንፎርድ መመለስ በቂ ነው። በ2022 መጨረሻ ቲዮ ቤከር የተባለ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ፣ የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ማርክ ቴሲየር ላቪን ከሌሎች ጋር በጋራ ባወጧቸው የሳይንስ ጽሑፎች ውስጥ በሚገኙ ሥዕሎች ላይ ስለ ቀረበ ጥርጣሬ በ«ስታንፎርድ ዴይሊ» ተከታታይ ጽሑፍ ማውጣት ጀመረ። የዩኒቨርሲቲው ቦርድ አጣሪ አቆመ፤ አጣሪዎቹም ፕሬዚዳንቱ ራሳቸው መረጃ አላጭበረበሩም፣ ነገር ግን የተገኙትን ስሕተቶች በሚገባ አላረሙም ሲሉ ደመደሙ፤ በሐምሌ 2023 ፕሬዚዳንቱ ከሥልጣን እንደሚለቁ አስታወቁ። ወጣቱም በጋዜጠኝነት ዓለም የተከበረውን የጆርጅ ፖልክ ሽልማት ተቀበለ። ይህን የመሰለ ጽሑፍ አንድ ልጅ ብቻውን አያወጣውም፤ ከኋላው እያንዳንዱን መስመር የሚመረምሩ አዘጋጆች መቆም አለባቸው፤ እነዚያም አዘጋጆች ከእርሱ በፊት ጀማሪ ሆነው የገቡ ተማሪዎች ናቸው።

የእኛም አገር የራሱ ታሪክ አለው። በአዲስ አበባ የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ዘመን «ኒውስ ኤንድ ቪውስ»፣ በኋላም በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ «ስትራግል» የተባሉት የተማሪዎች ኅትመቶች ነበሩ፤ በሰሜን አሜሪካ የነበሩት ኢትዮጵያውያን ተማሪዎች «ቻሌንጅ»ን፣ በአውሮጳ የነበሩት ደግሞ «ታጠቅ»ን ያሳትሙ ነበር። የፖለቲካ ሳይንስ ተማሪው ዋለልኝ መኰንን በኢትዮጵያ የብሔረሰቦች ጥያቄ ላይ የጻፈው፣ እስከ ዛሬ ድረስ የሚያከራክረን ጽሑፍ የወጣው በኅዳር 1962 ዓ.ም. በዚያው በ«ስትራግል» ላይ ነው። እነዚህ ኅትመቶች የማኅበር ልሳን ስለ ነበሩ ጸሐፍቱ የሚመጡት በዋናው በዓላማ ጽናት እንጂ በሙያ ሥልጠና አልነበረም፤ ዕድላቸውም ከማኅበራቱ ዕድል ጋር የተጣመረ ነበር። ለድፍረታቸው ታላቅ አክብሮት አለኝ፤ ነገር ግን በዜናና በአስተያየት መካከል ድንበር አስምሮ ተተኪን በየዓመቱ የሚያሠለጥን ራሱን የቻለ የተማሪዎች ጋዜጣ ዛሬም በየዩኒቨርሲቲያችን ያስፈልገናል። የጋዜጠኝነት ትምህርት ክፍሎቻችን ለዚህ የሚሆን አንድ ክፍልና ጥቂት ኮምፒዩተር ቢፈቅዱ፣ ሹመቱንም ለተማሪዎቹ ቢተዉት፣ ሥራው ሊጀመር ይችላል።

በአሜሪካ የምትኖሩና ልጆቻችሁን ኮሌጅ የምታስገቡ ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁ ሐኪም ወይም መሐንዲስ ለመሆን ቢማርም የዩኒቨርሲቲውን ጋዜጣ ቢሮ ደጅ አንድ ጊዜ እንዲረግጥ ንገሩት። አስቀድሞ ምንም ልምድ አይጠየቅም፤ ምዝገባውም በአብዛኛው በመስከረምና በጥር ወር መጨረሻ፣ ትምህርት በተጀመረ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነው።