ቡችላው ግቢ ሲገባ

አዲስ አበባ ውስጥ ብዙ ሰው የመጀመሪያ ውሻውን የሚያገኘው ከዘመድ ወይም ከጎረቤት ነው። የአንዱ ውሻ ትወልድና "አንዱን ውሰድ" ይባላል፤ ቡችላው በካርቶን ይመጣል። ጀርመን ሼፐርድ የፈለገ ደግሞ አፈላልጎ፣ በደላላም ቢሆን ይገዛል። በየትኛውም መንገድ ይምጣ፣ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ስለ ዝርያው ሳይሆን ስለ ዕድሜው ነው። 8 ሳምንት ያልሞላው ቡችላ ከእናቱ ባይለይ ይሻላል። በእነዚያ ሳምንታት የሚያገኘው ወተት ብቻ አይደለም። ከወንድምና እህቶቹ ጋር ሲላፋ፣ ሲነክስና ሲነከስ፣ ጥርሱ ምን ያህል እንደሚያም ይማራል። ገና በወሩ የተወሰደው ይህን ሳይጨርስ ይመጣል፤ በኋላ የልጅ እጅ በጨዋታ ሲይዝ ልኩን አያውቅም።

የመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች ከባድ ናቸው። ቡችላው ተወልዶ እስከዚያ ቀን ድረስ ብቻውን ተኝቶ አያውቅም፤ ስለዚህ ያላዝናል። "ተወው፣ ይለምደዋል" የሚለው ምክር የተለመደ ነው፣ እኔ ግን አልስማማበትም። ከግቢው ጥግ የተጣለ ቡችላ የሚለምደው ብቸኝነትን አይደለም፤ ጮኾ ጮኾ ማንም እንደማይመጣ ነው የሚያውቀው። ውሻን ቤት ማስገባት በብዙ ቤተሰብ ዘንድ በእምነትም በልማድም አይወደድም፣ ይህም ይከበራል። በረንዳ ላይ ከበሩ አጠገብ፣ የሰው ድምፅ ከሚሰማበት ቦታ፣ ካርቶን ውስጥ አሮጌ ብርድ ልብስ ማንጠፍ ይበቃል። ሙቅ ውኃ የተሞላ ሃይላንድ በጨርቅ ጠቅልሎ ከጎኑ ማስቀመጥ፣ ከተቻለም እናቱ የተኛችበትን ጨርቅ ቁራጭ ይዞ መምጣት በጣም ይረዳል። ሌሊት አንድ ጊዜ ተነስቶ ለሽንት ማውጣት ግድ ነው፤ የሁለት ወር ቡችላ ሽንቱን እስከ ንጋት መያዝ አይችልም። ቀን ቀን ደግሞ ከእንቅልፉ ሲነቃ፣ በልቶ ሲጨርስና ተጫውቶ ሲያበቃ ወዲያው ወደ አንድ የተመረጠ ቦታ መውሰድ፣ እዚያ ሲሸና ማሞገስ ነው። ቤት ውስጥ ሲያመልጠው አፍንጫውን ሽንቱ ላይ ማሸት የሚያስተምረው ሰውን መፍራት ብቻ ነው።

ከሁሉ በላይ የምለው ስለ ጥበቃ ነው። አብዛኞቻችን ውሻ የምንፈልገው ግቢ እንዲጠብቅ ነው፤ ከዚህም የተነሳ "ሰው ከለመደ አይጠብቅም" የሚል እምነት አለ። ቡችላው ገና በሦስት ወሩ ቀን ይታሰራል፣ ሌሊት ይለቀቃል፣ እንግዳ አያይም፣ ከበር አይወጣም። የሚሆነው ግን የታሰበው ተቃራኒ ነው። ለውሻ ከ3ኛው ሳምንት እስከ 14ኛው ሳምንት ገደማ ያለችው ጊዜ በሕይወቱ አንድ ጊዜ ብቻ የምትገኝ ናት። በዚያን ጊዜ በደኅና ያየውንና የሰማውን ሁሉ የዓለም መደበኛ ነገር አድርጎ ይይዘዋል፤ ያላገኘውን በኋላ ይፈራዋል። ፈሪ ውሻ ደግሞ የሚናከስ ውሻ ነው። ሰንሰለት ላይ ያደገው በቆራሌው ጥሪ፣ በባጃጅ፣ ጃንጥላ በዘረጋ ሰው፣ በጎረቤት ልጅ ሩጫ ሁሉ ይጮኻል። ባለቤቱም በሁለተኛው ወር መስማት ያቆማል። ሌባ የገባ ሌሊትም ጩኸቱ ያው ነው። ሰው የለመደው ውሻ ግን ተራውን ከእንግዳው ይለያል፣ ስለዚህ ሲጮኽ ሰው ይነሳለታል። ውሻ በበላበት ይጮኻል ሲባል የኖረው በከንቱ አይደለም፤ ግቢውን የሚጠብቀው የግቢው ሰው ስለሆነ ነው።

ስለዚህ ቡችላው በእነዚህ ሳምንታት ሽማግሌ ከነከዘራው፣ ልጅ ከነኳሱ፣ ነጠላ የለበሰች ሴት፣ በቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ዝናብ፣ የሞተር ድምፅ በደኅና ይወቅ። ክትባቱ ስላላለቀ መንገድ ላይ አይለቀቅ፤ በክንድ ታቅፎ እስከ ሰፈሩ ሱቅ ድረስ ወስዶ መመለስ ይቻላል።

ወደ እንስሳት ሐኪም የሚሄደው በመጣ በመጀመሪያው ሳምንት ነው። ቡችሎች ብዙውን ጊዜ ገና በእናታቸው ሆድ ሳሉ ትል ይይዛቸዋል። ሆዱ ተነፍቶ ሲታይ "ጠግቦ ነው" ይባላል፤ ነገር ግን እጅን በጀርባው ላይ ቢያሳልፉት አከርካሪው ይቆጠራል፣ ጠጉሩም ደርቆ ይሻክራል። ያ ጥጋብ ሳይሆን ትል ነው። ትሉ ወደ ልጆችም ይተላለፋልና ከቡችላ ጋር የተጫወተ ልጅ እጁን ሳይታጠብ እንጀራ አይቁረስ። ሌላው የሚፈራው ፓርቮ ነው። ማስመለስና ደም የቀላቀለ ተቅማጥ አምጥቶ ቡችላን በጥቂት ቀናት ይገድላል፤ ቫይረሱም አፈር ውስጥ ለወራት ይቆያል። ካለፈው ዓመት ወዲህ ቡችላ የሞተበት ግቢ ያልተከተበ ቡችላ ማምጣት አደገኛ ነው። የፓርቮ ክትባት ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ ተጀምሮ፣ በየሦስትና አራት ሳምንቱ እየተደገመ እስከ 16ኛው ሳምንት ይቀጥላል።

የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት በሦስት ወር ይሰጣል፣ ከዓመት በኋላ ይደገማል፣ ከዚያም ሐኪሙ በካርዱ ላይ በጻፈው ቀን ይቀጥላል። ክትባቱ ከፍሪጅ ሲወጣ ማየት ጥሩ ነው፤ ቅዝቃዜ ያጣ ክትባት ኃይሉን ያጣል። በዓለም ላይ በዚህ በሽታ ከሚሞተው ሰው 99 በመቶ የሚሆነው በውሻ የተለከፈ ነው፤ ምልክቱ አንዴ ከታየ ደግሞ የሚያድን መድኃኒት የለም ማለት ይቻላል። ውሻ የነከሰው ሰው ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውኃ ለ15 ደቂቃ አጥቦ በዚያው ቀን ጤና ተቋም ይሂድ። የነከሰው ውሻ አይገደል፣ ታስሮ 10 ቀን ይታይ። በሽታው በምራቁ ውስጥ ከነበረ በእነዚያ ቀናት ውስጥ ይታመማል ወይም ይሞታል። ያልተከተበ ውሻ ጉዳቱ በሰው ብቻ አያበቃም። በባሌ ተራሮች የሚኖረው ቀይ ቀበሮ፣ ከአገራችን ውጭ የትም የማይገኘው፣ ከእረኞች ውሾች በተላለፈበት በዚሁ በሽታ በ1990ዎቹ መጀመሪያና በ2003 እ.ኤ.አ. ክፉኛ አልቋል።

ምግብ ላይ እንምጣ። የቤት ትርፍራፊ ለውሻ መስጠት የኖረ ልማድ ነው፤ ችግሩ ወጡ ነው። ቀይ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት፣ በስለው ቢሆንም፣ የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳሉ፤ ወጣችን ደግሞ ያለ ሽንኩርት አይሠራም። አንድ ቀን ጥቂት ፍርፋሪ አይገድል ይሆናል፣ በየቀኑ ግን ድዱ ይገረጣል፣ ጉልበት ያጣል። ለውሻው የሚሆነው ቅመም ሳይገባ ተቀንሶ ይውጣ፦ ሩዝ ከተቀቀለ ቅንጥብጣቢ ሥጋ ጋር፣ እንቁላል፣ ካሮት። በጾም ወራት ይህ ይረሳል። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ቤቱ ሥጋ ስለማይገባበት ቡችላውም እንጀራ በሽሮ እየበላ ይከርማል፣ ልክ አጥንቱ በሚያድግበት ወቅት። ከጾሙ በፊት እንቁላል ወይም ደረቅ የውሻ ምግብ ማሰብ የባለቤቱ ድርሻ ነው። እስከ አራት ወር ድረስ በቀን ሦስት አራት ጊዜ፣ ከስድስት ወር በኋላ ሁለቴ ይበላል። የበሰለ የዶሮ አጥንት ተሰንጥቆ አንጀት ይወጋልና ፈጽሞ አይሰጠው።

በዓል ሲመጣ ሌላ ጥንቃቄ አለ። በግ ታርዶ ሆዱ ሲከፈት ሳንባው ወይም ጉበቱ ላይ ውኃ የቋጠረ ነጭ እብጠት አንዳንዴ ይገኛል፤ "ይህ ለሰው አይሆንም" ተብሎ ለውሻ ይወረወራል። በሽታውን የምናዞረው እንዲህ ነው። በእብጠቱ ውስጥ ያለው ተውሳክ በውሻው አንጀት ውስጥ ጥቃቅን የኮሶ ትል ይሆናል፣ እንቁላሉ ከዓይነ ምድሩ ጋር ይወጣል፣ በእጅና ባልታጠበ አትክልት ወደ ሰው ይገባል። በሰው ጉበትና ሳንባ ላይ እንዲሁ ውኃ ቋጥሮ ለዓመታት ያድጋል፣ ብዙ ጊዜም በቀዶ ጥገና ነው የሚወጣው። እብጠት ያለበት አካል ውሻ ቆፍሮ በማያወጣው ጥልቀት ይቀበር ወይም ይቃጠል። ጤነኛ የመሰለውም ሳንባና ጉበት በደንብ ሳይቀቀል አይሰጥ።

ክረምት ሳይገባ የውሻው ቤት ይሠራ፦ ከመሬት ከፍ ያለ፣ ወለሉ ጣውላ፣ በሩ ለነፋስ ያልተጋለጠ። ሴት ቡችላ ከስድስት ወር ጀምሮ ወንድ ልትፈልግ ትችላለችና ማምከኑን ከሐኪሙ ጋር አስቀድሞ መነጋገር ያስፈልጋል፤ እርግዝናዋ 63 ቀን ገደማ ብቻ ነው።

ብዙ ውሻ የሚጣለው ግን ቡችላ ሳለ ሳይሆን ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት ተኩል ባለው ጊዜ ነው ብዬ አምናለሁ። ያኔ ሙሉ ጥርስ አብቅሏል፣ ጫማ ይቆረጣጥማል፣ የሚያውቀውን ስሙን ሲጠሩት እንዳልሰማ ይሆናል፣ አትክልት ይቆፍራል። ቤተሰቡም "ይሄ ውሻ አይሆንም" ይልና ወይ ለሌላ ይሰጠዋል ወይ በሰንሰለት ያስረዋል። ይህ ግን የማደግ ጠባይ ነው፣ ጉልበቱ ስለበዛ ነው። ጠዋትና ማታ ግማሽ ግማሽ ሰዓት በገመድ ይዞ ማናፈስ፣ የሚያኝከው የራሱ ነገር መስጠት፣ ሲታዘዝ ቁራሽ ነገር መሸለም፣ ሁሉም የቤት ሰው በአንድ ቃል ማዘዝ ነው መፍትሔው። አባት "ና" ሲል ልጆች "ምጣ" የሚሉት ውሻ ማንን ይስማ? ሁለት ዓመት ሲጠጋ አብዛኛው ውሻ ይረጋጋል፤ ከዚያ በኋላ አሥር ዓመትና ከዚያም በላይ አብሮ ይኖራል።