ከመቶ ውሾች ሰባው

የእብድ ውሻ በሽታን የሚያመጣው ቫይረስ ያለው አምስት ጂን ብቻ ነው። ሙሉ የዘረመል መልእክቱ በፊደል ቢቆጠር ወደ 12,000 ይጠጋል፤ ቢታተም ከጥቂት የመጽሔት ገጾች አያልፍም። የእኛ የሰዎቹ ከ3 ቢሊዮን ይበልጣል። ቅርጹ ጥይት ይመስላል፤ ጫፍ ለጫፍ ቢደረደር አንድ ሚሊሜትር ለመሙላት ከ5,000 በላይ ያስፈልጋል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው ይህ ኢምንት ነገር በየዓመቱ ወደ 59,000 ሰው ይገድላል። ሲካፈል በየዘጠኝ ደቂቃው አንድ ሰው ማለት ነው። ከአሥሩ አራቱ ገና 15 ዓመት ያልሞላቸው ልጆች ናቸው። የብዙዎቹም ሞት መነሻው የውሻ ንክሻ ነው።

ከውሻና ከድመት ተላላፊ በሽታዎች መካከል በብዛታቸው የሚያስደነግጡ ሌሎችም አሉ። በቡችላ አንጀት ውስጥ የምትኖር አንዲት ሴት ወስፋት በቀን እስከ 200,000 እንቁላል ትጥላለች። ፓርቮ የሚባለውን የቡችሎች በሽታ የሚያመጣው ቫይረስ ደግሞ የአንድ የድመቶች ቫይረስ የቅርብ ዘመድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 ድንገት ታወቀ፤ በሁለት ዓመት ገደማ ውስጥም ዓለምን አዳረሰ። በታመመ ቡችላ አንድ ግራም ሰገራ ውስጥ የቫይረሱ ቁጥር ቢሊዮን ሊደርስ ይችላል፤ አፈር ላይ ከወደቀም ለወራት ሳይሞት ይቆያል። ሕክምና ያላገኘ ቡችላ አብዛኛውን ጊዜ አይተርፍም።

የእብድ ውሻ በሽታን ለየት የሚያደርገው ግን አንድ በሽተኛ የሚያሲዛቸው ቁጥር ማነሱ ነው። ታንዛኒያ ውስጥ በሴሬንጌቲ አካባቢ ተመራማሪዎች የትኛው ውሻ የትኛውን እንደነከሰ አንድ በአንድ ተከታትለው ነበር። ያበደ አንድ ውሻ ከመሞቱ በፊት በሽታውን የሚያስተላልፈው በአማካይ ከሁለት ላነሱ ውሾች ሆኖ ተገኘ፤ እንዲያውም ወደ አንዱ የቀረበ ነው። ክትባት በሌለበት ማኅበረሰብ አንድ የኩፍኝ በሽተኛ ከ12 እስከ 18 ሰው ሊያሲዝ ይችላል። ምልክቱ ከታየ በኋላ የያዘውን ሁሉ ማለት ይቻላል የሚገድለው ይህ በሽታ ራሱን ከትውልድ ትውልድ የሚያሻግረው ለጥቂት ነው። እያንዳንዱ ያበደ ውሻ ቢያንስ አንድ ተተኪ ካላገኘ ሰንሰለቱ እዚያው ይበጠሳል።

መንገዱም አዝጋሚ ነው። ከንክሻው ጋር ሥጋ ውስጥ የገባው ቫይረስ በደም አይሰራጭም። ነርቭ ይፈልጋል፤ በነርቩ ውስጥም በቀን ከጥቂት ሳንቲሜትር በማይበልጥ ፍጥነት ወደ አንጎል ይጓዛል። ለዚህ ነው ከንክሻ እስከ ሕመም ብዙውን ጊዜ ሁለትና ሦስት ወር የሚፈጀው። ፊቱን ወይም አንገቱን ለተነከሰ ሰው ግን ጊዜው ያጥራል፤ ትንሽ ልጅ ደግሞ ፊቱ ከውሻው አፍ ጋር እኩል ነው። አንጎል ከደረሰ በኋላ ቫይረሱ ወደ ምራቅ ዕጢ ይወርዳል። ቫይረሱ ምራቁ ውስጥ የገባ ውሻ ብዙውን ጊዜ በአሥር ቀን ውስጥ ይሞታል። በሐኪም ምክር የነከሰውን ውሻ አሥር ቀን አስሮ መከታተል የመጣው ከዚህ ነው።

እንግዲህ ሒሳቡን እንሥራ። አንድ ውሻ ከሁለት በታች የሚያሲዝ ከሆነ፣ ከመቶው ውሻ ሃምሳው ሁልጊዜ ክትባቱ የሚሠራለት ቢሆን በሽታው መተላለፊያ ያጣል። ታዲያ ባለሙያዎች ለምን ከመቶ ሰባው ይከተብ ይላሉ? የውሻ ዕድሜ አጭር ስለሆነ ነው። የተከተቡት ይሞታሉ፣ ያልተከተቡ ቡችሎች ይወለዳሉ፤ ዛሬ ሰባ የነበረው እስከሚቀጥለው ዓመት ዘመቻ እየሳሳ ይሄዳል። ሰባው ይህን መሳሳት ችሎ ዓመቱን ሙሉ ሰንሰለቱን የሚይዝ ቁጥር ነው።

ይህ በወረቀት ላይ የቀረ ሐሳብ አይደለም። ሜክሲኮ እ.ኤ.አ. በ1990 ከውሻ በተላለፈ እብደት 60 ሰው አጥታ ነበር። ውሾችን በነጻ በጅምላ መከተብ ጀመረች፤ በ1999 ቁጥሩ ወደ 3 ወረደ። በ2019 ደግሞ ከውሻ የሚተላለፈውን የሰው እብደት በማጥፋቷ ከዓለም ጤና ድርጅት ማረጋገጫ ያገኘች የመጀመሪያዋ አገር ሆነች።

ለእኛ ነገሩ ከሰውም ያልፋል። በዓለም ላይ የቀሩት ቀይ ቀበሮዎች 500 አይሞሉም፤ ሁሉም በኢትዮጵያ ተራሮች ላይ ናቸው፤ ከግማሽ በላዩም ባሌ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 በሽታው ከውሾች ወደ ባሌ ቀበሮዎች ተሻገረና በወብ ሸለቆ ከአራት ቀበሮ ሦስቱን ያህል ፈጀ። ባለሙያዎች ሁሉንም ለመከተብ አልሞከሩም። ሸለቆውን ከሌሎቹ መንጋዎች ጋር በሚያገናኘው መተላለፊያ ላይ ሰባ ያህል ቀበሮዎችን እየያዙ ከተቡ፤ ወረርሽኙም ሳይሻገር ቀረ። ጥቂት የክትባት ብልቃጦች ከኢትዮጵያ ውጭ የማይገኝን እንስሳ ከባሰ እልቂት አተረፉ።

የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በወራጅ ውሃ ለ15 ደቂቃ ይጠብ፤ የቫይረሱ ሽፋን ቅባት ስለሆነ ሳሙና ያፈርሰዋል። ከዚያ የባህል መድኃኒት ፍለጋ ቀን ሳያባክን ጤና ጣቢያ ይሂድ፤ ምልክቱ ከታየ በኋላ መድኃኒት የለውም። በዓለም ላይ ከ29 ሚሊዮን በላይ ሰው በየዓመቱ ከንክሻ በኋላ ይከተባል። እያንዳንዱ መርፌ የሚያድነው የተወጋውን ሰው ነው፤ የሚቀጥለውን ንክሻ አያስቀርም። የሚያስቀረው የውሻው ክትባት ነው። ስለዚህ በሰፈራችን የውሻ ክትባት ሲታወጅ የግቢያችንን ውሻም፣ ባለቤት የሌለውን የመንደሩን ውሻም ይዘን እንውጣ። ከአሥር ውሻ ሰባቱን ማስከተብ አንድ ሰፈር ሊችለው የሚገባ ሥራ ነው፤ የሚጠበቅብንም ይኸው ነው።