ከተጣለ ወረቀት የአንገት ጌጥ፦ የሰበካ ጉባኤ አባላት ከመጀመራቸው በፊት

በየአጥቢያው ስንዘዋወር የሰበካ ጉባኤ አባላት ደጋግመው የሚያቀርቡልን ጥያቄ አለ፤ ገቢ የሌላቸው እናቶች በጥቂት ገንዘብ ምን ሥራ ሊጀምሩ ይችላሉ? ከምንጠቁማቸው ሥራዎች አንዱ ከተጣለ ወረቀት ዶቃ እያዘጋጁ ሐብልና አምባር መሥራት ነው። ነገሩ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በእንጦጦ አካባቢ ጠበል ፍለጋ መጥተው የቀሩ፣ ከኤች አይ ቪ ጋር የሚኖሩ ሴቶች ከቀለጠ የጥይት ቀለህ ዶቃ እየሠሩ ለውጭ ገበያ ሳይቀር አቅርበዋል። ናስ ማቅለጥ ግን ባለሙያ ይጠይቃል፤ ጭሱም ለሳንባ አይበጅም። ለወረቀት ዶቃ መቀስ፣ ኮላ፣ ስቴኪኒና ቫርኒሽ ይበቃሉ።

ባለቀለም የመጽሔት ወረቀት መሠረቱ 2፣ ቁመቱ 25 ሳንቲ ሜትር ገደማ በሆነ ሦስት ማዕዘን ይቆረጣል። ከሰፊው ጫፍ ተጀምሮ በስቴኪኒ ላይ ጠበቅ ተደርጎ ይጠቀለላል፤ ቀጭኑ ጫፍ በኮላ ይያያዛል። መካከሉ የወፈረ፣ ዳርና ዳሩ የቀጠነ ዶቃ ይወጣል። እጅ ወደ አንድ ወገን ካደላ ዶቃው ይንጋደዳል፤ የጀማሪ ሁሉ ስሕተት ነው። ከዚያ 2 ወይም 3 ጊዜ ቫርኒሽ ይቀባል፤ በየመካከሉም እስኪደርቅ ይጠበቃል። በዚህ ላይ መቸኮል ጎድቶናል። በመጀመሪያው ሥልጠናችን አንድ ጊዜ ብቻ የተቀባውን ሐብል በፍልሰታ ሰሞን ሸጥን፤ ዝናብ ያገኘው ሁሉ ተፈታ። ገዢዎቹ አልተቆጡም፤ ዳግመኛ ግን አልገዙም።

በቤተ ክርስቲያን ግቢ በብዛት የሚገኘው ወረቀት ያለፈበት የቀን መቁጠሪያና መንፈሳዊ መጽሔት ነው። ቀለሙ ያማረ፣ ለዶቃም የሚመች ነው፤ ነገር ግን ቅዱሳት ሥዕላትና የእግዚአብሔር ስም ያሉበትን በመቀስ መቆራረጥ አይገባም። መቀስ ከመነሣቱ በፊት አንድ ካህን ወይም ዲያቆን ወረቀቱን ይለይ፤ የተለየውም በአክብሮት ይወገድ። ይህን ሥራ ለእናቶቹ መተው በኅሊናቸው ላይ ሸክም መጫን ነው፤ ከእነርሱ ብዙዎቹ ማንበብ አልተማሩምና።

ከሁሉ ይልቅ የሚያከራክረን ዋጋው ነው። «ወረቀቱ በነጻ ተገኝቷል፤ ሐብሉም ርካሽ ይሁን» የሚሉ ኮሚቴዎች አሉ። እኛ አንስማማም። አንድ ሐብል 60 ዶቃ ቢፈጅ፣ አንዲት እናትም በሰዓት 15 ብትጠቀልል፣ ለመጠቅለል ብቻ 4 ሰዓት ይሄዳል፤ መቁረጡ፣ መቀባቱና መሰካቱ ገና ነው። ገንዘቡ በቀጥታ ወደ ሙዳየ ምጽዋት እንዲገባ የሚያስቡም አጋጥመውናል። እናቶቹ ከደመወዛቸው አሥራት ማውጣት ይችላሉ፤ አስቀድሞ ግን ደመወዙ በእጃቸው ይግባ።

ስለዚህ የድጋፍ ጥያቄ ስትልኩልን ከቫርኒሹና ከመቀሱ ዝርዝር በፊት የመጀመሪያዎቹን 20 ሐብሎች ማን፣ በስንት ብር እንደሚገዛ ጻፉልን። ይህ የሌለበትን ማመልከቻ ተሟልቶ እንዲመጣ እንመልሰዋለን።