ግስን የሚያዞሩ ትንንሽ ቃላት

እንግሊዝኛ የጀመረ ተማሪ «ጊቭ» መስጠት፣ «አፕ» ደግሞ ወደ ላይ እንደሆነ ለማወቅ ጊዜ አይፈጅበትም። «ጊቭ አፕ» ሲባል ግን ተስፋ መቁረጥ፣ «ጊቭ ኢን» ሲባል መሸነፍ፣ «ጊቭ ኦፍ» ሲባል ሽታ ወይም ሙቀት ማውጣት ይሆንበታል። መምህራን ፍሬዛል ቨርብ የሚሏቸው እነዚህ ናቸው። ሳሙኤል ጆንሰን በ1755 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መዝገበ ቃላት መቅድም ላይ፣ የውጭ አገር ሰዎችን ከሁሉ በላይ የሚያስቸግራቸው ይህ የቋንቋው ጠባይ መሆኑን ጽፎ ነበር። ችግሩ ዛሬም አለ።

ቁልፉ ያለው ከግሱ ይልቅ በተከታዩ ቃል ላይ ነው። «አፕ»ን እንውሰድ። መነሻው ከፍታ ነው፤ ከፍታው ወደ መጨመር ያልፋል፤ «ስፒክ አፕ» ድምፅህን ከፍ አድርግ ማለት ነው። ዕቃ ሲሞላ ውሃው ወደ ላይ ወጥቶ አፉ ላይ ይደርሳልና «ፊል አፕ» እስከ አፉ መሙላት ነው። እዚህ ላይ ከፍታና ፍጻሜ ይገናኛሉ። ስለዚህ «ኢት» መብላት ብቻ ሲሆን «ኢት አፕ» ጥርግ አድርጎ መብላት፣ «ድሪንክ አፕ» ጭልጥ አድርጎ መጠጣት ነው። እኛ በ«ጥርግ» እና በ«ጭልጥ» የምንገልጸውን ፍጻሜ እንግሊዝኛ በአንዲት የአቅጣጫ ቃል ይገልጸዋል። ይህን ያስተዋለ አማርኛ ተናጋሪ ብዙ መንገድ ቀንሷል።

በ«በርን» (መንደድ) ላይ ደግሞ ልዩነቱ በዓይን ይታያል። ቤት «በርን ዳውን» ሲሆን ነዶ መሬት ይወርዳል፤ እሳት «በርን አውት» ሲሆን የሚነድ ነገር አልቆበት ይጠፋል። በሥራ ብዛት ጉልበቱ ያለቀ ሰውም በዚሁ ቃል ይጠራል።

ሁሉም እንዲህ አይፈታም። መብራት «ጎ ኦፍ» ሲል ይጠፋል፣ የማንቂያ ደወል «ጎ ኦፍ» ሲል ግን ይጮኻል። «ፑት አፕ ዊዝ» መታገሥ መሆኑንም ከአቅጣጫው መገመት ያዳግታል፤ እንዲህ ያሉትን ማጥናት ግድ ነው። ግሱና ተከታዩ ቃል በሚለያዩባቸው ላይ ተውላጠ ስም ሲመጣ በሁለቱ መሃል ይገባል፤ «ተርን ኢት ኦፍ» እንጂ «ተርን ኦፍ ኢት» አይባልም።

መምህራን ሆይ፣ በ«ጊቭ» ወይም በ«ፑት» ሥር የተደረደረ ረጅም ዝርዝር ለተማሪ አትስጡ። አንድ ሳምንት «አፕ»ን ብቻ፣ ሌላውን «ኦፍ»ን ብቻ አስተምሩ፤ ትርጉሙንም በየዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ተማሪው ራሱ ይፈልገው።