ጠባቂው ውሻ ጠበኛ እንዳይሆን

ከቤት እንስሳት ሁሉ ቀድሞ ወደ ሰው የተጠጋው ውሻ መሆኑን ሊቃውንት ይመሰክራሉ። በሬ ለእርሻ፥ ፈረስ ለመንገድ፥ ላም ለወተት ሲሆኑ፥ የውሻ ዋና ሥራው ደጅ መጠበቅ ነው። ስለዚህ ባለቤቱ ከርሱ የሚፈልገው ነገር ሁለት ነው፤ ይኸውም ልብና መታዘዝ ነው። መታዘዝ የሌለበት ልብ ጠብን ይወልዳል፤ ልብ የሌለበትም መታዘዝ ደጅ አያስጠብቅም። ዛሬ በዚህ በቤተ ሰብ ገጻችን የምንናገረው፥ እነዚህ ሁለት ነገሮች ገና ስላልተስማሙለት ስለ ጎረምሳው ወንድ ውሻ ነው። ይህ ውሻ እስከ ትናንት ድረስ ቡችላ ሆኖ ካገኘው ሁሉ ጋር ሲጫወት ቆይቶ፥ ዛሬ አካሉ ሲጠና በመንገድ የሚያየውን ወንድ ውሻ ሁሉ አንገቱን አቅንቶ «ና ይዋጣልን» የሚል ይመስላል።

ይህ አመል በየአገሩ ያለ ቢሆንም፥ በአሶሳና በጠቅላላው በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ለሚኖር ሰው በተለይ ሊታሰብበት የሚገባ ነው። አሶሳ ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ፥ ወደ ሱዳን ወሰን ተጠግታ የምትገኝ የክልሉ ዋና ከተማ ናት። በክልሉም በርታው፥ ጉሙዙ፥ ሺናሻው፥ ማኦውና ኮሞው፥ በ1970ዎቹም ዓመታት ከወሎ መጥተው የሰፈሩት ገበሬዎች፥ በመንግሥት ሥራም ከየአውራጃው የሚዛወሩት ሹማምንት በጎረቤትነት ይኖራሉ። በገጠሩ ውሻ ከማሽላና ከበቆሎ እርሻ ዝንጀሮና ከርከሮ ያባርራል፤ ሌሊትም ጅብ ሲመጣ ባለቤቱን ያነቃል። ስለዚህ ውሻ የሌለው ቤት ጥቂት ነው፤ ብዙ ውሻ ባለበትም መገናኘቱ አይቀርም።

ከዚህም ሌላ የአጥሩ ነገር አለ። አገሩ የሽመል አገር ስለ ሆነ ብዙው አጥር በሽመል ይታጠራል። የሽመል አጥር ያማረና ርካሽ ነው፤ ነገር ግን ክፍተት ስላለው በውስጥ ያለው ውሻ በውጭ የሚያልፈውን ያያል፥ ያሸታል፥ ሊደርስበት ግን አይችልም። አላፊው ውሻ መንገዱን ይዞ ሲሄድ የውስጡ «በጩኸቴ አባረርሁት» ብሎ ድል ያደረገ ይመስለዋል። ይህን በቀን አሥር ጊዜ የሚያደርግ ጎረምሳ በዓመቱ ጠብን እንደ ሙያ የተማረ ይሆናል። በሩ በተከፈተ ዕለትም የተማረውን በመንገድ ላይ ያሳያል።

የጎረቤትም ሥርዓት መታወቅ አለበት። ከክልሉ ነዋሪዎች ብዙዎቹ፥ በተለይም በርታዎቹ፥ የእስልምና ሃይማኖት ተከታዮች ናቸው። በሃይማኖታቸው ለአደን፥ ለከብትና ለእርሻ ጥበቃ ውሻ ማኖር የተፈቀደ ሲሆን፥ ውሻ አፉን ያገባበትን ዕቃ ግን ሰባት ጊዜ ማጠብ የታወቀ ሥርዓት ነው። ክርስቲያኑም በበኩሉ ውሻ ወደ ቤተ ክርስቲያን ቅጽር እንዳይገባ ይጠነቀቃል። እንግዲህ ሌላውን ውሻ ሊገጥም እየሮጠ በሰው ልብስና በሰው ደጅ የሚገባ ውሻ፥ ማንንም ሳይነክስ እንኳ ጎረቤትን ያስቀይማል።

አሁን ወደ ውሻው ጠባይ እንመለስ። ወንድ ውሻ ብዙውን ጊዜ ከ6 ወር እስከ 1 ዓመት ባለው ዕድሜው ለአካለ መጠን ይደርሳል፤ ትልልቆቹ ዘሮች ዘግየት ይላሉ። ጠባዩ የሚጠናው ግን ከ1 እስከ 3 ዓመት ባለው ጊዜ ነው። አካሉ ጎልምሶ አእምሮው ገና ያልበሰለበት ይህ ጊዜ ከሰው ጉርምስና ጋር የሚመሳሰል ነው። ስለዚህ ጌታው «ውሻዬ ከፋብኝ» ብሎ ከመደምደሙ በፊት መንሥኤውን መመርመር ይገባዋል።

መንሥኤው ብዙ ነው። አንዱ የወንድነት ኀይል ሲሆን፥ በአካባቢው ለተባዕት የደረሰች ሴት ውሻ ስትኖር ይበረታል። ሁለተኛው ፍርሃት ነው፤ ብዙ ሰው ድፍረት ነው የሚለው ጩኸት በእውነቱ «አትቅረበኝ» ማለት ነው። ስኮትና ፉለር የተባሉ የአሜሪካ ሊቃውንት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1965 ዓ.ም. ባሳተሙት መጽሐፍ እንደ ገለጹት፥ ቡችላ ሌላውን የሚለምድበት ዋናው ጊዜ ከ3ኛው እስከ 12ኛው ሳምንት ነው። በዚያ ጊዜ ከሰውና ከውሻ ርቆ ለብቻው ታስሮ ያደገ ቡችላ፥ ሲጎረምስ እንግዳ ውሻ ሁሉ ጠላት ይመስለዋል። ሦስተኛው ቀኑን ሙሉ መታሰር ነው። አራተኛውም ሕመም ነው፤ ቍስል ያለበት፥ ጆሮው የሚያመው ወይም መዥገር የበላው ውሻ ትዕግሥቱ አጭር ይሆናል። አመሉ በድንገት የተለወጠ ውሻ አስቀድሞ በእንስሳት ሐኪም ይታይ።

ጠብ ከመነሣቱ በፊት ምልክት አለው። ጌታው ጩኸቱን ከጠበቀ ዘግይቷል። መጀመሪያ ውሻው አፉን ይገጥማል፤ አካሉ እንደ እንጨት ይገተራል፤ ጅራቱ ወደ ላይ ይቆማል፤ የጀርባው ጠጕር ይነሣል፤ ዓይኑም ሳይነቀል በዚያኛው ላይ ይተከላል። ጅራት ሲወዛወዝ ያየ ሰው ወዳጅነት ነው ብሎ ይታለል ይሆናል፤ ነገር ግን ከፍ ብሎ ደርቆ በአጭሩ የሚርገበገብ ጅራት የሰላም አይደለም። ጨዋታ የሚፈልግ ውሻ አካሉ የለሰለሰ ነው፤ የፊት እግሮቹን ዘርግቶ ደረቱን ዝቅ ያደርጋል፤ በቀጥታም ሳይሆን በጎን ዞሮ ይቀርባል።

በዚህ ጊዜ ብዙ ሰው የሚያደርገው ሁለት ነገር ነው፤ ሁለቱም ይጎዳሉ። አንዱ ሰንሰለቱን አጥብቆ መሳብ ነው። አንገቱ የተሳበ ውሻ ደረቱ ስለሚነሣና ወደ ኋላ መሸሽ ስለማይችል የባሰ ይቈጣል። ሁለተኛው ዱላ ነው። ውሻው ሌላ ውሻ ባየ ቍጥር የሚደበደብ ከሆነ፥ ሕመሙን የሚያያይዘው ከገዛ ጥፋቱ ጋር ሳይሆን ከመጣው ውሻ ጋር ነው፤ በሚቀጥለውም ቀን ጠላትነቱ ይጨምራል። አንዳንዱም ዱላውን ፈርቶ ማጕረምረሙን ይተውና፥ ያለ ምልክት የሚነክስ ይሆናል፤ ይህም ከመጀመሪያው የከፋ ነው። ጆሮውን መቍረጥ፥ በጨለማ ማሰር፥ ልጆችም «ያዘው! ያዘው!» እያሉ ለጨዋታ ማዋጋታቸው ደግሞ ልብ ይሰጠዋል ከማለት የመጣ ልማድ ነው፤ ጠበኛ እንጂ ጠባቂ አያደርገውም። ሁለት ጎዳና ርቆ ሲዋጋ የሚያመሽ ውሻ፥ ሌባ በሚመጣበት ሰዓት በደጁ አይገኝምና።

ታዲያ ምን ይደረግ? በሩቅ መጀመር ነው። ፓቭሎቭ የተባለው የመስኮብ ሊቅ፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1904 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት የተቀበለው፥ ውሻ ከምግብ በፊት ዘወትር አንድ ድምፅ የሰማ እንደ ሆነ ድምፁን ብቻ ሰምቶ ምራቁ እንደሚወርድ አሳይቶአል። ለእኛም የሚጠቅመን ይኸው ነው። ውሻውን በጠንካራ ማሠሪያ ይዞ፥ ሌላ ውሻ ሊያይ እየቻለ ገና ወደማይገተርበት ርቀት መውሰድ ነው፤ ሃምሳ እርምጃ ቢሆን፥ መቶ እርምጃም ቢሆን። ያን ውሻ ባየ ጊዜ ወዲያው ስሙን ጠርቶ ትንሽ ቍራጭ ሥጋ መስጠት፥ ከዚያም ዞር ብሎ መሄድ ነው። ይህ በየቀኑ ለአሥር ደቂቃ ያህል ሲደረግ፥ ውሻው ሌላውን ሲያይ «ሥጋዬ መጣ» ብሎ ወደ ጌታው መመልከትን ይለምዳል። ርቀቱም በየሳምንቱ በጥቂት በጥቂቱ ይቀነሳል። አንድ ቀን ቢገተር ቀርበናል ማለት ነው፤ ሳይቈጡ ወደ ኋላ መመለስ ይገባል።

ሁለቱ ውሾች እንዲለማመዱ ካስፈለገ ፊት ለፊት አያገናኙአቸውም። ሁለት ሰዎች ሁለቱን ውሾች ይዘው፥ በሰፊ መንገድ ተራርቀው ወደ አንድ አቅጣጫ ጎን ለጎን ይሂዱ፤ ማሠሪያውም ላላ ይበል። በጠባብ መንገድ፥ በበር ላይ፥ አጥንት በተጣለበት ቦታና በሥጋ ቤት ደጅ ግን ከቶ አይገናኙ።

የአጥሩንም ነገር በቀላል ወጪ ማስተካከል ይቻላል። የሽመሉን ክፍተት እስከ ውሻው ዓይን ከፍታ ድረስ በሰሌን ወይም በሌላ ነገር መሸፈን፥ ማሠሪያ ቦታውንም ከበሩ አርቆ ጥላ ባለበት ማድረግ ብዙ ጩኸት ይቀንሳል። ከዚህም ጋር ማለዳ ሙቀቱ ሳይበረታ ማንሸራሸር ነው፤ የደከመ ጎረምሳ ጠብ አይፈልግም።

ስለ ማኰላሸትም ብዙዎች ይጠይቃሉ። በ1976 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በአሜሪካ 42 ውሾችን ተመልክቶ የታተመ ጥናት እንደሚለው፥ ከተኰላሹ ወንዶች መዞርን የቀነሱት ከ10ሩ 9ኙ ያህል ሲሆኑ፥ ከሌላ ወንድ ጋር መጣላትን የቀነሱት ግን ከ10ሩ 6ቱ ያህል ናቸው። ስለዚህ ይረዳል፥ ነገር ግን ትምህርትን አይተካም። ጠቡ ከፍርሃት የመጣ ከሆነ ላይረዳው ይችላልና፥ አስቀድሞ ሐኪም መጠየቅ ይሻላል። ሥራውም በማደንዘዣ በሐኪም እጅ ብቻ ይደረግ።

ጥንቃቄው ሁሉ ሳይሆን ቀርቶ ውሾቹ ቢያያዙ፥ ማንም ሰው እጁን በመካከላቸው አያግባ፤ ያንገታቸውንም ማሠሪያ አይያዝ። በዚያ ሰዓት ውሻ የጌታውንም እጅ አይለይም። አንድ ባልዲ ውኃ በራሳቸው ላይ ማፍሰስ ወይም ወፍራም ብርድ ልብስ መጣል ይበጃል። ይህ ካልረዳ ሁለት ሰዎች በአንድ ጊዜ የየውሻውን የኋላ እግሮች ይዘው ወደ ኋላ ይሳቡ፤ ተለያይተውም ሳይተያዩ ይታሰሩ። ልጆች ግን ከዚህ ሁሉ ይራቁ።

ከቍስሉ የሚብሰው በቍስሉ የሚገባው ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ከውሻ ወደ ውሻ፥ ከውሻም ወደ ሰው የሚተላለፈው በንክሻና በምራቅ ነው፤ በዓለም ላይ በዚህ በሽታ ከሚያዙት ሰዎች 99 ከመቶው ከውሻ እንደሚያዙ የዓለም ጤና ድርጅት ያስታውቃል። በባሌ ተራራዎች እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2003 ዓ.ም. ከውሾች የተላለፈው ይህ በሽታ ብዙ ቀይ ቀበሮዎችን ፈጅቶአል። ምልክቱ በሰው ላይ ከታየ በኋላ የሚድን የለም ማለት ይቻላል፤ ከምልክቱ በፊት ግን መዳኛው ሉዊ ፓስተር በ1885 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የ9 ዓመቱን ዮሴፍ ማይስተርን ከከተበ ጀምሮ የታወቀ ነው። ዛሬ የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት የሚባለውም መሥሪያ ቤት ቀድሞ በዚሁ ሊቅ ስም ይጠራ ስለ ነበር፥ የአዲስ አበባ ሰው እስካሁን ሰፈሩን «ፓስተር» ይለዋል። እንግዲህ የተነከሰ ሰው ቍስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውኃ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ ይጠብ፤ በዚያው ቀንም ወደ ሐኪም ይሂድ። ጠበል የሚጠመቅ ይጠመቅ፥ ነገር ግን ክትባቱን አያዘግይ። ውሻውም በየዓመቱ ይከተብ።

የሕጉም ነገር አይዘነጋ። ኦሪት ዘጸአት በ21ኛው ምዕራፍ፥ ተዋጊነቱ የታወቀና ባለቤቱም የተመከረበት በሬ ቢገድል ፍርዱ በባለቤቱም ላይ እንደሚከብድ ይናገራል። የእኛም የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በ2071ኛው አንቀጽ፥ እንስሳው ድንገት አምልጦ ያደረሰው ጉዳት እንኳ ቢሆን ባለቤቱን ኀላፊ ያደርገዋል። «አመለጠኝ» ማለት ምክንያት አይሆንም። የጎረቤት ውሻ፥ ፍየል ወይም ልጅ የተጎዳ እንደ ሆነ፥ ክስ ሳይመጣ ቀድሞ ሄዶ ይቅርታ መጠየቅና የሕክምናውን ዋጋ መክፈል የጨዋ ሰው ወግ ነው።

አባቶች «ሳይደርቅ በርጥቡ፥ ሳይርቅ በቅርቡ» ይላሉ። በ8 ወሩ በአሥር ደቂቃና በቍራጭ ሥጋ የሚቃና አመል፥ በ3 ዓመቱ በብዙ ድካም ይቃና ይሆናል፤ ላይቃናም ይችላል። ስለዚህ ጎረምሳ ውሻ ያላችሁ አንባቢዎቻችን ከነገ ማለዳ ጀምሩ፤ ልጆቻችሁም አብረዋችሁ ሆነው በትዕግሥት መግራትን ይመልከቱ።