የቦስተን ፓስተሮች ሌሊት የወጡበት ዘመን

በቦስተን ከተማ፣ በዶርቼስተር ክፍል፣ ፎር ኮርነርስ የምትባል ትንሽ ሰፈር አለች። ስፋቷ አንድ ካሬ ማይል አይሞላም። የሶሲዮሎጂ ምሁሩ ኦማር ማክሮበርትስ በ1990ዎቹ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀናት፣ ወራትና ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ሰፈሯን እየተዘዋወሩ ሲያጠኑ፣ በዚያች ጠባብ ቦታ ውስጥ 29 የክርስቲያን ጉባኤዎች አገኙ። የባፕቲስት፣ የጴንጤቆስጤ፣ የካቶሊክ፣ የሄይቲ፣ የካሪቢያን፣ የላቲኖ። ብዙዎቹ ነጋዴ ትቷቸው የሄደ ሱቅ ተከራይተው የሚያመልኩ ናቸው። ይህች በጸሎት ቤት የተሞላች ሰፈር ግን በዚያው ዘመን በቦስተን እጅግ ከሚፈሩት ሰፈሮች አንዷ ነበረች።

ይህ እንዴት ይሆናል? ማክሮበርትስ በ2003 ባሳተሙት መጽሐፍ የሰጡት መልስ ቀላል ነው፤ ለጆሮ ግን አይጥምም። አብያተ ክርስቲያናቱ ወደዚያ የሄዱት ኪራይ ስለረከሰ ነው። አብዛኛው ምእመን የሰፈሩ ሰው አይደለም። እሑድ ከሌላ አካባቢ በመኪና ይመጣል፣ ይዘምራል፣ ስብከት ይሰማል፣ ይሄዳል። ለአንዳንዶቹ ጉባኤዎች ከበሩ ውጭ ያለው መንገድ ከእሱ ራሳቸውን የሚጠብቁት የክፋት ቦታ ነው። ሌሎች ደግሞ ነፍሳትን የሚያድኑበት ሜዳ አድርገው ያዩታል። የዚያ መንገድ ልጆች የኛ ናቸው ያሉት ግን ጥቂት ነበሩ። በአሜሪካ ከተሞች አዳራሽ ተከራይቶ የሚያመልክ ኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህን ሥዕል ለማወቅ መጽሐፉን መክፈት አያስፈልገውም።

ከጥቂቶቹ አንዱ አዙሳ ክርስቲያን ኮሚዩኒቲ ነበር። ስሙን ያገኘው በ1906 በሎስ አንጀለስ የጴንጤቆስጤ መነቃቃት ከተነሣበት ከአዙሳ ጎዳና ነው። መሥራቾቹ በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ዙሪያ የተሰባሰቡ ጥቁር ወጣት ክርስቲያኖች ሲሆኑ፣ መሪያቸው በፊላዴልፊያ ያደጉትና በልጅነታቸው የወሮበላ ቡድንን ሕይወት የሚያውቁት ፓስተር ዩጂን ሪቨርስ ናቸው። በ1988 ጓዛቸውን ጠቅልለው ዶርቼስተር ገቡ። ሊሰብኩ ብቻ ሳይሆን ሊኖሩ ነው የገቡት። ዋጋውንም ከፈሉ፤ የፓስተሩ ቤት በጥይት ተመትቶ ልጃቸው ለጥቂት ተርፏል።

ሪቨርስ የመጀመሪያውን ትልቅ ትምህርት ያገኙት ከአንድ የዕፅ ሻጭ እንደሆነ ደጋግመው ተናግረዋል። ሰውዬው ያላቸው ነገር በአጭሩ እንዲህ ነው፤ ልጁ ጠዋት ትምህርት ቤት ሲሄድ መንገድ ላይ የሚያገኘው እኔን ነው፣ ሲመለስም እኔን ነው፣ ለአያቱ ዳቦ ሊገዛ ሲላክም እኔ አለሁ፣ እናንተ የላችሁም፤ ስለዚህ እኔ አሸንፋለሁ። በየትኛውም የሥነ መለኮት ትምህርት ቤት ስለ ሐዋርያዊ አገልግሎት ከተሰጡት ማብራሪያዎች የዚህን ያህል የሚቆነጥጥ ማግኘት ያስቸግራል።

ያ ዘመን ክፉ ነበር። በ1980ዎቹ መጨረሻ ክራክ የሚባለው ኮኬይን ቦስተን ገብቶ ወጣቶች ጎራ ለይተው ይታኮሱ ጀመር። በጥቅምት 1989 አንድ ነጭ ባል ነፍሰ ጡር ሚስቱን ገድሎ፣ ገዳዩ ጥቁር ነው ሲል ከሰሰ። ፖሊስ ሚሽን ሂል በሚባለው ሰፈር ያገኘውን ጥቁር ወጣት ሁሉ ሲፈትሽና ሲያዋርድ ሰነበተ። ጥር ላይ ውሸቱ ሲጋለጥ ሰውዬው ከድልድይ ዘሎ ሞተ። በጥቁሩ ማኅበረሰብና በፖሊስ መካከል የነበረችው ጥቂት መተማመንም ያኔ ተሟጠጠች። በ1990 በከተማዋ 152 ሰዎች ተገደሉ።

ከቦስተን ወንዝ ተሻግሮ ባለችው በኬምብሪጅ፣ ዩኒየን ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያንን ያገለግሉ የነበሩት ፓስተር ጄፍሪ ብራውን ያኔ ወጣት ነበሩ። ሕልማቸው ሌላ ነበር፤ እሳቸው በ2015 በአደባባይ ባደረጉት ንግግር እየሳቁ እንደተናዘዙት፣ አሥራ አምስትና ሃያ ሺህ አባላት ያሉት ቤተ ክርስቲያን፣ የራሳቸው የቴሌቪዥን አገልግሎት፣ አልፎ ተርፎም በስማቸው የሚሸጥ ልብስ ይመኙ ነበር። ግድያው ሲበዛ ከመድረክ ላይ ሁከትን የሚያወግዝ ስብከት ሰበኩ። ለውጥ አልመጣም። ከዚያ አንድ ወጣት ለለበሰው ጃኬት ሲባል ተወግቶ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያናቸው አቅጣጫ ሮጦ ሳይደርስ ወደቀ። ቢደርስ ኖሮ እንኳ በሩ ዝግ ነበር፣ መብራቱም ጠፍቶ ነበር። ገዳዮቹ ሲያዙ ደግሞ ዕድሜያቸው ከብራውን ብዙ የማይርቅ ሆነው ተገኙ።

ብራውን የዚያን ጊዜ የገባቸውን ነገር ሲያስረዱ፣ ማኅበረሰቤ እያልኩ የምሰብከው ስለ ማን እንደሆነ ራሴን ጠየቅሁ ይላሉ። «ማኅበረሰብ» ከሚለው ውስጥ የሚታኮሱትን ልጆች ብራውን ራሳቸው ቆርጠው አውጥተዋቸው ነበር። መንፈሳዊ ዕድገት ሲባል ብዙውን ጊዜ የሚታሰበው ጾም፣ ጸሎትና የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ነው፤ ትክክልም ነው። በቦስተን ታሪክ ውስጥ ግን መጀመሪያ ንስሐ የገቡት ወጣቶቹ አይደሉም። ፓስተሮቹ ናቸው። ጸሐፊዎች በኋላ የመጣውን የግድያ መቀነስ «የቦስተን ተአምር» እያሉ ስለ ፖሊስ ስልት ብዙ ጽፈዋል፤ ይህኛውን ክፍል ግን በጨረፍታ አልፈውታል።

ሁሉንም ያናወጠው ቀን ግንቦት 14፣ 1992 ነው። በማታፓን ሰፈር በሚገኘው ሞርኒንግ ስታር ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን የአንድ የተገደለ ወጣት የቀብር ጸሎት እየተካሄደ ሳለ የወሮበላ ቡድን አባላት ሰብረው ገቡ። ለቀስተኛ መካከል ተኩስ ተሰማ፤ አንድ ወጣትም እዚያው በስለት ተወጋ። ቤተ ክርስቲያን ወደ መንገዱ አልወጣ ስላለች መንገዱ ወደ ቤተ ክርስቲያን መጣ ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ በተጠራው ስብሰባ ላይ ቀሳውስትና ፓስተሮች በብዛት ተገኙ። በየጊዜው ሲሰበሰቡ ቁጥሩ እየሳሳ ሄደ፤ የተግባር ሥራ ሲመጣ የሚሆነው ይኸው ነው። የቀሩት ቦስተን ቴንፖይንት ኮአሊሽን የተባለውን ኅብረት መሠረቱ። ከፊት ከነበሩት መካከል ሪቨርስ፣ ብራውንና ፓስተር ሬይ ሃመንድ ይገኙበታል። ሃመንድ በሃርቫርድ የሠለጠኑ የሕክምና ዶክተር ሲሆኑ፣ በ1988 ከሕፃናት ሐኪሟ ባለቤታቸው ጋር ቤተል የተባለችውን የአፍሪካን ሜቶዲስት ኤጲስቆጶሳዊት ቤተ ክርስቲያን የተከሉ ናቸው። ኅብረቱ አብያተ ክርስቲያናት እንዲፈጽሙት ያወጣው ዕቅድ አሥር ነጥቦች ነበሩት። እያንዳንዱ ጉባኤ አንድ የወሮበላ ቡድን እንደ ራሱ ልጅ ይያዝ፤ ፍርድ ቤት ለሚቀርቡ ታዳጊዎች ጠበቃና መካሪ የሚሆን ሰው ይላክ፤ የከተማ ዳርቻ ሀብታም አብያተ ክርስቲያናት ከመሀል ከተማዎቹ ጋር ይተሳሰሩ፤ ለተደበደቡ ሴቶች አገልግሎት ይቋቋም። ሌሎቹም በዚሁ መንፈስ የተጻፉ ናቸው።

ከወረቀቱ የበለጠ ሥራ የሠራው ግን አርብ ሌሊት ነው። ጥቂት ፓስተሮች ከምሽቱ አራት ሰዓት እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ድረስ ዶርቼስተር ውስጥ በእግር ይዞሩ ጀመር። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ወጣቶቹ ከሩቅ ከማየት በቀር አላናገሯቸውም። የሚፈልጉት አንድ ነገር ማወቅ ነበር፤ እነዚህ ሰዎች የመጡት ለካሜራ ነው ወይስ በሚቀጥለው አርብም ይመጣሉ? ፓስተሮቹ መጡ። ዝናብም ሆነ ብርድ፣ መጡ። ንግግሩ ሲጀመርም ስብከቱን ትተው መጠየቅ ጀመሩ፤ እናንተ የምታዩት፣ እኛ የማናየው ምንድን ነው?

ከፖሊስ ጋር የነበረው ነገር ግን እንዲህ በቀላሉ አልለዘበም። ሪቨርስ በመጀመሪያ የፖሊስ መሥሪያ ቤቱ ከባድ ተቺ ነበሩ። በመጋቢት 1994 ደግሞ ፖሊሶች ዕፅ ፍለጋ ብለው በስሕተት የሌላ ሰው ቤት ሰብረው ገቡ፤ የቤቱ ባለቤት የ75 ዓመት አዛውንት፣ ጡረታ የወጡ የሜቶዲስት አገልጋይ ነበሩ። እጃቸው ታስሮ ሳለ በልብ ድካም ሞቱ። ከተማዋን የሚያቃጥል ነገር ነበር። ኮሚሽነር ፖል ኤቫንስ ሳያድበሰብሱ ይቅርታ ጠየቁ። ፓስተሮቹም ድርጊቱን አጥብቀው ቢያወግዙም፣ ይቅርታውን ተቀብለው ሕዝቡን አረጋጉ። ከዚያ በኋላ በአዙሳ ሥር በተከፈተው ቤከር ሃውስ ፓስተሮች፣ ፖሊሶች፣ የአመክሮ መኮንኖችና የማኅበራዊ ሠራተኞች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ እየተቀመጡ፣ በስም እየጠሩ፣ ይህ ልጅ ሥራ ይፈለግለት፣ ያኛው ግን ለራሱም ሲባል ይታሰር እያሉ ይመክሩ ጀመር።

የሃርቫርዱ ሶሲዮሎጂስት ክሪስቶፈር ዊንሺፕ ይህን ዝምድና በጃንጥላ መስለውታል። ፖሊስ በአግባቡ ሲሠራ ፓስተሮቹ የማኅበረሰቡን ተቀባይነት እንደ ጃንጥላ ይዘረጉለታል፤ ሲያጠፋ ጃንጥላውን አጥፈው ለጋዜጠኛ ይናገራሉ። በ1996 ኦፕሬሽን ሲዝፋየር የተባለው ዘመቻ ሲጀመር ይህ ጃንጥላ ጠቀመ። የዴቪድ ኬነዲ የምርምር ቡድን እንደደረሰበት፣ በከተማዋ ከ60 በላይ ቡድኖች ውስጥ የነበሩት 1,300 ያህል ወጣቶች ከእኩዮቻቸው አንድ በመቶ እንኳ አይሞሉም፤ ቢያንስ 60 በመቶ የሚሆነው የወጣቶች ግድያ ግን ከእነሱ ጋር የተያያዘ ነበር። እነዚህን ወጣቶች ፍርድ ቤት አዳራሽ ጠርተው ሁለት ነገር ነገሯቸው፤ መግደል ከቀጠላችሁ ቡድናችሁ በሙሉ ይጠየቃል፤ መውጣት ከፈለጋችሁ ደግሞ እርዳታው ይኸውና። የሁለተኛው መልእክት ባለቤቶች ፓስተሮቹና የመንገድ ላይ ሠራተኞቹ ነበሩ።

ቁጥሩ ወረደ። ከ1995 አጋማሽ አንሥቶ ለሁለት ዓመት ከመንፈቅ ገደማ በቦስተን ዕድሜው ከ17 በታች የሆነ ልጅ በጥይት አልተገደለም። በ1999 ጠቅላላ ግድያ 31 ነበር። በ1998 ኒውስዊክ መጽሔት ሪቨርስን ሽፋኑ ላይ አወጣቸው፤ ከየከተማው ልዑካን እየመጡ ምሥጢሩን ጠየቁ።

ጥንቃቄ እዚህ ላይ ያስፈልጋል። በዚያው አሥር ዓመት ግድያ በመላው አሜሪካ ወርዷል። እንደ ቦስተን የፓስተሮች ኅብረት ያልነበራት ኒውዮርክ እንኳ በ1990 ከነበረው ከ2,200 በላይ ግድያ፣ በ1998 ከ700 በታች ደርሳለች። ስለዚህ ወንጌል ብቻውን ጥይቱን አቆመ ማለት የማይቻል ነው። በሌላ ወገን፣ ኒውዮርክ በፖሊስና በጥቁር ማኅበረሰብ መካከል የከፋ ቅያሜ አትርፋ ነው የወጣችው፤ ቦስተን ግን፣ ቢያንስ ለጊዜው፣ ቁጥሩንም ሰላሙንም አብራ አገኘች። የፓስተሮቹን ድርሻ መፈለግ የሚገባው ከቁጥሩ መውረድ ይልቅ በዚህ ልዩነት ውስጥ ይመስላል። ከፖሊስ ጋር በመሥራታቸው የደረሰባቸው ነቀፋም ቀላል አልነበረም፤ መጋቢ የበጎቹን ስም ለፖሊስ ሲነግር መጋቢ ነው ወይስ ጆሮ ጠቢ? ሪቨርስ ለዚህ የማያፍሩበት መልስ ነበራቸው፤ ገዳዩም የሚገደለውም የሰፈሩ ልጅ ነው፤ የቀብሩን ጸሎት የሚመራውም ፓስተሩ ነው። መልሱ ሁሉንም አላሳመነም።

ኅብረቱን የጎዳው ግን ከውጭ የመጣ ነቀፋ አይደለም። በ2000 አካባቢ ሲዝፋየር እየላላ ቆመ። ሥራውን በግል ወዳጅነት የያዙት የፖሊስ ኃላፊዎች ወደ ሌላ ቦታ ተዛወሩ፤ ኤቫንስም በ2003 ከተማዋን ለቀው ወደ ብሪታንያ ሄዱ። ፓስተሮቹ ደግሞ እርስ በርስ ተጣሉ። ጠቡ በአሠራር፣ በገንዘብና በዝና ላይ ነበር፤ ሪቨርስ ብሔራዊ ድርጅት ይዘው በአንድ ወገን፣ የቀድሞ ባልደረቦቻቸው በሌላ ወገን ቆሙ። መጽሔቱ አንድ ፊት ሽፋኑ ላይ ሲያወጣ ሌሊቱን አብረው የዞሩት ሌሎቹ ምን እንደተሰማቸው መገመት አያዳግትም። በ2005 ግድያው ተመልሶ ከ70 በላይ ሆነ። አንቶኒ ብራጋ፣ ዴቪድ ሁሮና ዊንሺፕ በ2008 ባወጡት ጥናት፣ የጥቃቱን ማገርሸት ከዚህ መፍረስ ጋር አያይዘውታል። ሥራው በተቋም ሳይሆን በሰዎች ትከሻ ላይ ቆሞ ኖሯል፤ ሰዎቹ ሲነሡ አብሮ ተነሣ። ሲዝፋየርን በ2007 መልሰው ያስጀመሩት ያኔ አዲስ የነበሩት ኮሚሽነር ኤድ ዴቪስ ናቸው።

የአሥር ነጥቡ ዕቅድ ወደ ሌሎች ከተሞችም ተሻግሯል። ከሁሉ ጎልቶ የሚታየው በ1999 የተመሠረተውና ፓስተር ቻርለስ ሃሪሰን የመሩት የኢንዲያናፖሊስ ቴንፖይንት ነው። እዚያ ሌሊት ከፓስተሮች ጋር የሚዞሩት አብዛኞቹ በመንገዱ ያደጉ፣ አንዳንዶቹም እስር ቤት ያዩ ሰዎች ናቸው፤ ለሥራውም ከመንግሥት ካዝና ገንዘብ ተመድቧል። ድርጅቱ፣ በምንዞርባቸው ሰፈሮች ለረጅም ጊዜ ወጣት አልተገደለም ሲል፣ ተቺዎቹ የጠቅላላውን ከተማ ቁጥር ያነሣሉ፤ በኢንዲያናፖሊስ ከ2010ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የግድያ ቁጥር ለጥቂት ተከታታይ ዓመታት ክብረ ወሰን ሰብሮ ነበር። ቦስተን በአንጻሩ በ2024 የተመዘገበባት ግድያ 24 ነበር፤ ከ1957 ወዲህ ዝቅተኛው ነው። ውጤቱን ፖሊስም፣ የከተማው የጤና ሠራተኞችም፣ ፓስተሮቹም ይጋሩታል፤ የማን ድርሻ ስንት እንደሆነ ግን እስከ ዛሬ አልተስማሙም።