ከዘንገና እስከ ሙሻ፦ የሜዳ ውጪ ጨዋታ

ባህር የሌላት አገር ልጅ ኮራል ለማየት ሲነሳ ልምምዱን የት ይጀምር? ለእንጅባራ ልጅ መልሱ ቀላል ይመስላል፤ ዘንገና! ወደ ቡሬ በሚወስደው አስፋልት አጠገብ የተኛው ክብ ሐይቅ ግን የእሳተ ገሞራ አፍ ነው። ጥልቀቱ ከ160 ሜትር በላይ እንደሆነ ይነገራል፤ ጥቂት ገባ ሲሉ እግር መሬት ያጣል። ለጀማሪ ቀልድ አይደለም። መነጽርና የመተንፈሻ ቱቦ የሚለመደው ደረት በማያልፍ ገንዳ ውስጥ ነው።

ደግሞም ዘንገና ኮራል የለውም። ኮራል ጨው፣ ሙቀትና ብርሃን ይሻል፤ የአዊ ደጋ ደግሞ ቅዝቃዜው የታወቀ ነው።

አንዱ «ሜዳ» ጂቡቲ ነው። ከከተማዋ በጀልባ የሚደረስባቸው ሙሻና ማስካሊ ደሴቶች ጥብቅ የባህር ክልል ናቸው። ከእንጅባራ አዲስ አበባ ብቻ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ በአውቶቡስ ነው፤ ከዚያ እ.ኤ.አ. በጥር 2018 ሥራ የጀመረው የጂቡቲ ባቡር መስመር አለ። ፓስፖርትና ቪዛ ቀድሞ ይለቅ። በክረምት የሄደ በሙቀቱ ይቀቀላል፤ ከህዳር እስከ ጥር ግን አየሩ ደህና ነው፣ በታጁራ ባህረ ሰላጤም ግዙፎቹ የዓሣ ነባሪ ሻርኮች ብቅ ይላሉ። አይናከሱም!

ደክሞት ኮራል ላይ የቆመ ግን ቀጥታ ቀይ ካርድ ነው፤ በአንድ እርግጫ የተሰበረው ቅርንጫፍ እስኪተካ ዓመታት ይፈጃል። የደከመው በጀርባው ይንሳፈፍ፤ ጨዋማው ውሃ ከዘንገናው በተሻለ ይሸከማል።